ወደ በረዶው ተራራ የሚወጣ መርዶ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀንበሬ፣

ከነባለቤትህ ከነልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስህ። የሊዮን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፣ እህልም ይወርድልኛል። ከዚህ አስበልጬ ደህና ነኝ ብልህ ግን አታምነኝም።

ቦንቱ ከምግብ ቤቱ ደውላ እንደነገረችህ እህቴ ጥበብ በጽዮን ማርያም ማግስት ዐርፋለች። እንደ ልማዷ ጠዋት ምግብ ቤቷን ከፍታ፣ ለዶራሌ ወደብ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሽሮውን ጥዳ፣ ትንሽ ደከመኝ ብላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሐኪም ቤት ያደረሷት ሾፌሮቹ ናቸው፤ ግን የደረሰው ሬሳዋ ነው። በማግስቱ ስንቀብራት ጭነታቸውን መንገድ ዳር አቁመው የመጡ ብዙ ነበሩ። ምግብ ቤቷ ባለበት በካርቲየ 4 ሰፈር ያን ያህል ሐበሻ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ የልጇ የጸደንያ ነገር ነው። ልጅቱ አልሰማችም። በዚያ ተራራ ላይ፣ ፈረንጅ በረዶ ላይ ሊንሸራተት በሚመጣበት የስኪ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች፣ አንድ ሐበሻ በሌለበት አገር፣ እንዴት ብለን በስልክ እናትሽ ሞተች እንበላት? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ስለዚህ እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ ገዳሙ ስልክ አያስገባም ብለን በቦንቱ ስልክ ጽፈንላታል። የእኔም ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ ተብሏል። እውነቱን ለመናገር ዘግቼ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከከፈትኩት ዋትሳፑ አሁን እዚህ ነበረች እያለ ያሳብቅብኛል። ድምፄን ከሰማች ደግሞ ሳልናገር ታውቅብኛለች፤ እናቷ ምግብ ቤት ስትውል ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንተም በቦንቱ በኩል አትደውል። ምግብ ቤቱን አሁን የያዘችው እሷ ናት፣ እዚያ ደግሞ ሾፌሩ ሁሉ ጆሮ ነው። እንደ ድሮው በደብዳቤ እንጻጻፍ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከሊዮን እስከዚያ ተራራ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው ትለኝ ነበር ጥበብ። ውጣና አርዳልኝ። ብቻህን ግን እንዳትሄድ። የምትይዛት ሴት ትኑር፣ ከተገኘም አንድ ቄስ። ማለዳ ይሁን፣ ሥራ ሳትገባ፣ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ። መንገድ ላይ ወይም ፈረንጆች ፊት እንዳይሆን። አርባዋ ከገና ወዲያው ቀጥሎ ነው፤ ልጅ የእናቷን አርባ ሳታውቀው ማለፍ የለበትም።

በሥጋ ባንዛመድም ወንድማችን ነህና ያቺን ልጅ በእጅህ አደራ ሰጥቼሃለሁ።

እህትህ አበዛሽ


ሊዮን
ዲሴምበር 27

ለውድ እትዬ አበዛሽ፣

እግዜር ያጥናሽ። የእትዬ ጥበብን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጆቹ ስምሽን በፈረንሳይኛ አፍ እየጠሩ ሰላም ይሉሻል፣ ይቅር በያቸው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ድንገት ከች ብልባት ትደነግጣለች ብዬ መንገዱን በብልሃት ላመቻች አሰብኩ። ለጸደንያ ደወልኩና ልጆቹን በረዶ ላሳያቸው ነው፣ ያንቺ የስኪ ጣቢያ ያዋጣል ወይ አልኳት። እሺ ጋሼ፣ ኑ፣ ትላለች፣ እኔም በዚያው እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

እትዬ፣ ልጅቱን ምን ዓይነት ሰው አድርጋችሁ እንዳሳደጋችኋት አሁን ገባኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አያዋጣህም ብላ አስረዳችኝ። ዘንድሮ በረዶው ላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው አለች። ታችኛው ሜዳ ሣሩ ይታያል፣ መሐሉን መኪና በሚተፋው በረዶ ሸፍነውታል፣ እሱም ጠዋት ድንጋይ ነው ከሰዓት ጭቃ። ሰው አንጠልጥለው ከሚያወጡት ገመዶች ሁለቱ ቆመዋል፣ ለቀሩት ሰልፉ ከማዶ እስከ ማዶ ነው። ልጆቹ ጫማውን ተከራይተው ሳይጠቀሙበት እግራችንን በረደን ብለው ያለቅሱብሃል አለች። ቤት ደግሞ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አያከራዩም። "በማርች መጨረሻ ሲቀዘቅዝለት ብትመጣ ይሻልሃል፣ እሱም ካማረህ ነው" አለችኝ። እኔ ላለቅስ አስቤ ብደውል እሷ ለኪሴ አዘነች።

አሁን ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ በነጋታው ብሄድ ምን ልበላት? ትጠረጥራለች። በዚያ ላይ ቅዳሜ እንግዳ የሚቀያየርበት ቀን ስለሆነ ከንጋት እስከ ምሽት ክፍል ስታጸዳ ነው የምትውለው። እሑድ ደግሞ አብራኝ ልትሄድ የተስማማች የምስራች የምትባል ሴት ቤተ ክርስቲያን አላት። የምስራች እዚህ ሊዮን ለቅሶ ሲኖር ቀድማ የምትጠራ ሴት ናት፤ ሰው መያዝ ታውቅበታለች። በሥራ ቀን ደግሞ ሁላችንም የሰው ነን። ቄሱን ጠይቄያቸው የገናን ሰሞን እናሳልፍ ብለዋል።

ስለዚህ አርባው ላይ አልደርስም፣ ይቅርታሽን። ግን ረስቼው እንዳይመስልሽ። ጎማ ላይ የሚታሰረውን ሰንሰለት ገዝቻለሁ፤ ያለሱ ወደዚያ ተራራ ፖሊስ አያሳልፍም።

ታናሽ ወንድምሽ ጀንበሬ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀንበሬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ለልጆቹ እኔም ሰላም ብያቸዋለሁ በላቸው፣ ስሜን እንደፈለጉ ይጥሩት።

አርባዋን ዓርብ ዕለት አወጣንላት። ቅዳሴውም ደረሰ፣ ድንኳኑም ቆመ፣ ሰውም በልቶ አመሰገነ። ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ሴትዮ ልጅ አልነበራትም እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ነበራት ማለት አቃተኝ፤ አለች እኮ፣ ተራራ ላይ። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት የምልጥ መሰልኩ።

ሙስሊሟ ጎረቤቴ ነጅማ ነገራችን ሁሉ አልገባትም። እነሱ ሰው በሞተ ዕለት ቀብረው፣ በሞተ ሰዓት ባሕር ማዶ ላለውም ደውለው ይናገራሉ። ያን ቀን ድንኳን ሥር አጠገቤ ተቀምጣ "አበዛ፣ ወላሂ ለልጅቱ ያዘናችሁላት መስሏችኋል። እናቷን እየሰረቃችኋት ነው" አለችኝ። ተቆጣኋት። የእናንተ የእናንተ ነው፣ የእኛ የእኛ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሻይ ስታመጣልኝ አፍሬ ነው የምቀበላት።

አንተንም ልቆጣህ ነው። ለቅሶ ያዋጣል ወይ ተብሎ ይጠየቃል? አንተ ልጆቼን ላዝናና ብለህ ከጀመርክ እሷም እንደ ጨዋ ልጅ ገንዘብህን ልታድንልህ ነው የምትሞክረው። መጥቻለሁ፣ በር ክፈቺ ነው የሚባለው። ብልሃት ያልከው ነገር መንገድህን ዘጋብህ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ሰሞን ጸደንያ እማ መቼ ነው የምትወጣው፣ ሱባዔው ስንት ነው እያለች ቦንቱን ታስጨንቃት ነበር። አሁን ስለ እናቷ መጠየቅ ትታለች። ስለ በረዶ ብቻ ነው የምትጽፍላት። ዛሬ ጣለ፣ ዛሬ ቀለጠ፣ ዛሬ ጭጋግ ነው። ቦንቱ ጸበሉን አምናዋለች ማለት ነው አለችኝና ደስ አለኝ። ውሸቴ ስለያዘ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

ቄሱም ይቅሩ። ያቺን ሴት ያዝና ውጣ። የሚቀጥለው ደብዳቤህ አረዳኋት የሚል ካልሆነ አትላከው።

እህትህ አበዛሽ


ሊዮን
ፌብሩዋሪ 1

ለእትዬ አበዛሽ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። እኛ ጉንፋን ቤታችንን ቢዞረውም ደህና ነን። አትላከው ብለሽኛል፣ እኔ ግን ከምጠፋ ባስቆጣሽ ይሻላል ብዬ ላክሁት።

ባለፈው እሑድ ሄደናል። የምስራች ቅዳሴውን ትታ፣ ጥቁር ቀሚሷን በካፖርት ሸፍና፣ ሶፍትና ውሃ በቦርሳ ይዛ ጠበቀችኝ፤ ገና ሳይነጋ ከቤቷ አነሳኋት። ሜዳው ላይ እያለን ስለ ሟቿ እየጠየቀችኝ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር እያስጠናችኝ ሄድን። በመጀመሪያ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ተናገር፣ ከዚያ ስለ እናትነት፣ ከዚያ ዝም በል፣ የቀረውን ዝምታው ይናገረዋል አለችኝ። አጠናሁት።

ተራራው ሲጀምር ግን መንገዱ እንደ አንጀት ይጠማዘዛል። የምስራች ታመመችብኝ። በየመታጠፊያው እያቆምን አስመለሳት። በገና ሰሞን የለም የተባለው በረዶ ሁሉ በዚያ ሳምንት ነው የወረደው። ሰንሰለቱን ለማሰር በጉልበቴ በረዶ ላይ ተንበርክኬ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ታገልኩ፤ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አዝኖልኝ አሠረልኝ። ተራራው እግር ሥር ያለው መንደር ደርሰን ቆምን። ጣቢያው ከላያችን ነው። ከዚያ የሚታየው ግራጫ ፎቆች፣ የመኪና ማቆሚያና ጭጋግ ውስጥ የሚገባ ገመድ ብቻ ነው። ሰው ከየአገሩ ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው ለዚህ ነው ወይ ብዬ ገረመኝ።

የምስራች መቆም አልቻለችም። ለጸደንያ ደወልኩላት። ከእንግዳ ጋር ላይሽ መጥቼ እታች ነኝ አልኳት። እሷ ግን "ጋሼ፣ ተመለስ። ላይ ጭጋግ ነው፣ ገመዱም ቆሟል፣ የሚታይ ነገር የለም፣ ባትደክም ይሻላል" አለችኝ። ያቺ ሰው መጣ ሲባል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በሩጫ የምትሄድ ልጅ፣ ልውረድና ላግኝህ እንኳ አላለችም። ይህ ገረመኝ።

ተመለስን። እውነቱን ልንገርሽ፣ መኪናውን ሳዞር ቀለለኝ። የምስራች እስከ ሊዮን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች፤ ያ ከስድብ ባሰብኝ።

በዚህ ወር የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፣ ያ ተራራ ሰው ከሰው አይተላለፍበትም። ሰው ሲቀል እንደገና እሞክራለሁ።

ወንድምሽ ጀንበሬ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀንበሬ፣

ጾሙን ያስፈጽማችሁ።

ፈርተሃል። እኔም ፈርቻለሁ፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልወቅስህም። ራሴ እመጣለሁ ብዬ ቪዛ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቀጠሮው ለሰኔ ነው አሉኝ። እስከ ሰኔ ድረስ ውሸቱን መሸከም አልችልም።

ሰሞኑን ጸደንያ የጻፈችላትን ቦንቱን ደጋግሜ አስነበብኳት። የክረምቱ ሥራዋ ሲያልቅ ወደዚህ ትመጣለች ብለን ነበር፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምታደርገው። አሁን ግን በጋውንም እዚሁ ልሠራ ፈርሜያለሁ፣ ዘንድሮ ጅቡቲ አልመጣም አለች። ቦንቱ እናትሽ ከጸበል ስትወጣ ብታጣሽስ ብላ ብትጽፍላት "ሰላም በይልኝ" ብቻ አለች። ጀንበሬ፣ እናቷ ከጸበል እስክትወጣ የምትቸኩል ልጅ እንዲህ አትጽፍም።

ሥርዓቱ ይቅር። ሴትም አትፈልግ፣ ቄስም አትፈልግ፣ የምትናገረውንም አታጥና። ብቻህን ሂድ። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ። ሳትደውል ሂድ፣ አያዋጣም እንዳትልህ።

አበዛሽ


ሊዮን
ማርች 10

ለእትዬ አበዛሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዛሬ የሰላምታው ቃል ራሱ እጄ ላይ ከብዶኛል። ትናንት ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ብቻዬን ሄጄ ነበር። የሆነውን እንዳለ እነግርሻለሁ።

ዕረፍቱ አልቆ ሰዉ ወርዷል። ጣቢያው ገበያ ከተበተነ በኋላ ያለ ሜዳ ይመስላል። በረዶው አርጅቶ ጠቁሯል፣ ከየጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ የስኪ ጫማ የሚያከራዩት ሱቆች እኩሌታቸው ተዘግተዋል። ሠራተኞቹ የሚኖሩት ሆቴሉ ሥር ነው፤ መስኮቷ ግማሹ በረዶ ውስጥ ስለተቀበረ ቀን ላይ መብራት ታበራለች። በሩን ሳንኳኳ ማነው እንኳ አላለችም። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ከፈተችልኝና "ግባ ጋሼ" አለችኝ። ከስታለች፣ እትዬ። አልደብቅሽም።

ሻይ አፈላችልኝ። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ ብለሽኝ ነበር፣ ተቀመጥኩ። የተቀረው ግን አልሆነልኝም። ስለ መንገዱ አወራሁ፣ ስለ ሰንሰለቱ አወራሁ፣ ልጆቼ በፈረንሳይኛ እንዴት እንደሚመልሱልኝ አወራሁ። ስለ በረዶው ጠየቅኋት። እሷም ሁሉንም መለሰችልኝ፤ ዘንድሮ ምን ያህል ሰው እንደመጣ፣ ስንቱ እግሩን ሰብሮ እንደወረደ። ሻዬ ቀዘቀዘ። እኔም በመጨረሻ ያው የማውቃትን ጥያቄ ጠየቅኋት፣ ለልጆቹ አሁንስ ያዋጣል ወይ አልኳት።

ያን ጊዜ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "አሥራ ሁለት ዓመት ፈረንሳይ ስኖር ስለ በረዶ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እማ ሞታለች አይደል?"

የምስራች ያስጠናችኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ማን ይይዛታል ብለሽ ስትጨነቂ የነበረው፣ እሷ ናት እኔን የያዘችኝ። ጀርባዬን እየመታች "አይዞህ ጋሼ" አለችኝ። አንድ ጠብታ ዕንባ አልወጣትም።

ለካ በሳልስቷ ዕለት ነው የሰማችው። አንዱ የዶራሌ ሾፌር የምግብ ቤቱን በር ፎቶ አንስቶ፣ የእትዬ ጥበብን ስም ጽፎ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ኖሯል። እሷ ክፍል እያጸዳች፣ የሰው አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አየችው። መጀመሪያ ለእናቷ ደወለች፣ አይነሳም። ከዚያ ለአንቺ ደወለች። ዝግ ነው። "አክስቴ ታነሳለች ብዬ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ" አለችኝ። ማታ ቦንቱ እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ የአክስትሽም ስልክ ተበላሽቷል ብላ ጻፈችላት።

ታዲያ ካወቅሽ ለምን አያዋጣም እያልሽ መለስሽኝ አልኳት። ተቆጥቼ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"ጸበል ናት ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ" አለችኝ። "መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ እሺ፣ ጸበል ትሁን አልኩ። ሱባዔው ስንት ነው እያልኩ ስጠይቅ ቦንቱ ስትመልስልኝ ለትንሽ ጊዜ እውነት ይመስለኝ ነበር። በኋላ መጠየቁም ደከመኝ። ግን ከእናንተ አንድ ሰው በዚህ በር እስካልገባ ድረስ እማ አልሞተችም። አንተ ያዋጣል ወይ ባልከኝ ቁጥር ምን ይዘህ እንደምትመጣ አውቃለሁ።"

ከዚያ ሰዓቷን አይታ ሽርጧን አሠረች። ዛሬስ ይቅርብሽ፣ ፈቃድ ልጠይቅልሽ ብላት እምቢ አለች። ከሰዓት ሙሉ እታች ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ውጭ ላይ አንዳንድ ሰው ባረጀው በረዶ ላይ ሲንሸራተትና ሲስቅ አያለሁ። ተመልሳ ስትመጣ እጇ ሳሙና ይሸታል፤ አብረን እንሂድ፣ እኔ ቤት ክረሚ አልኳት፣ አሁን አልችልም አለችኝ።

ስወጣ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። "ለአክስቴ አረዳኋት ብለህ እንዳትጽፍላት። አንተ አልነገርከኝም፣ እኔ ነኝ የነገርኩህ። እስካሁን ማንም አልነገረኝም" አለችኝ። እኔም ያለችኝን ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ጀንበሬ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀንበሬ፣

ለደከምክበት ሁሉ ዋጋህን እሱ ይክፈልህ። ስላለቀስክም አትፈር። አጠገቧ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ትናንት ነው። ቀኑን ሙሉ ደወልኩ ያለችህ ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ምን ስሠራ ነበር ብዬ አሰብኩ። ድንኳን ሥር ተቀምጬ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ ልጅቱን እኮ በዘዴ ይዘናታል፣ አልሰማችም እያልኩ ነበር። ሰዉም ደግ አድርጋችኋል፣ እንዲያ ነው የሚሻለው ይለኝ ነበር። ብቻዋን እንዳትሰማ ብዬ ብቻዋን ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ማልቀሱንም አላለቀሰችም።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ስልኩን ከፈትኩት። ነጅማን ነይ አጠገቤ ተቀመጪ አልኳት። ምን ልታደርጊ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። በሯን ክፍት ትታ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ደወልኩ። ቶሎ አነሳችው።

"አክስቴ" አለች። ከበስተኋላዋ የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማኛል። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ እሷ ግን ቀደመችኝ።

"ንገሪኝ" አለች።

"ሰምተሻል እኮ፣ ልጄ።"

"ከአንቺ አልሰማሁም።"

ጀንበሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጥበብ መሞቷን ላንተ ጽፌዋለሁ፣ በአፌ ግን አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ሾፌሮቹ መጥተው ጥበብስ ሲሉ ቦንቱ ናት የምትነግራቸው። ለቄሱም ቦንቱ ናት የነገረችው። እኔ የጸደንያን መርዶ ስፈራ የራሴን ስሸሽ ኖሬያለሁ። አሁን ልጅቱ እየጠበቀችኝ ነው፣ ነጅማም ታየኛለች።

ሥራ ላይ ነሽ ወይ አልኳት። ክፍሌ ነኝ አለች። ቁጭ በይ አልኳት። ተቀምጫለሁ አለች።

"ጸደንያ፣ እናትሽ ሞታለች" አልኳት።

ከዚያ ጩኸቷ መጣ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፣ ሕፃን ሆናም። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩትን ለቀቅኩት። ነጅማ እኔን ትይዛለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ እላለሁ፤ የያዝኩት ግን ስልክ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን እየሳቡ ገቡ፤ ዛሬ የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ማነው፣ ማነው ይላሉ።

ሲወጣላት እንዴት እንደሞተች ጠየቀችኝ፣ ምንም እንዳልሰማች ሰው። ከጠዋቱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ቦታ ስቆም ከዚያስ እያለች አስቀጠለችኝ።

አልመጣም ያለችውን አልለወጠችም። ምግብ ቤቱን ያለ እማ ማየት አልችልም አለችኝ፤ እኔም ነይ ብዬ አላስጨነቅኋትም። አንተ ግን በሚመጣው እሑድ ልጆችህን ይዘህ ውጣ። ያዋጣል ወይ ብለህ አትጠይቃት።

እህትህ አበዛሽ